የጕልበት ጕልበቱ ከወዴት ነው?

ቋንቋችን ለሰውነት ክፍሎች ስም ሲያወጣ እንዲያው በዘፈቀደ አላወጣም። በክንዳችን መታጠፊያ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ ክርን ብሎ ሲያልፈው፣ በእግራችን መካከል ላለው መገጣጠሚያ ግን ከኀይል ጋር አንድ የሆነ ስም ሰጥቶታል። የሚቈፍረውና የሚሸከመው ሰው ሥራው «የጕልበት ሥራ» ይባላል። ብርቱው «ጕልበተኛ» ይባላል። የደከመው «ጕልበቴ ከዳኝ» ይላል። ሙሽሮች በሠርጋቸው ዕለት ዝቅ ብለው የወላጆቻቸውን ጕልበት ይስማሉ፤ የበደለም ሰው ይቅርታ ሲለምን ከጕልበት ሥር ይወድቃል። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አባቶቻችንና እናቶቻችን የሰው ብርታት መቀመጫው ጕልበት ነው ብለው ማሰባቸውን ነው።

ይህ አጠራር ያማረ ነው፤ ነገር ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለበት። ጕልበት ኀይል ቢባልም ኀይሉ ሁሉ ከራሱ የሚመነጭ አይደለም። ብርታቱን የሚያገኘው ከበላዩ ካሉት ከዳሌና ከጭን ጡንቻዎች ነው፤ አረማመዱንም የሚያቀናለት ሰውነታችን ሚዛኑን የሚጠብቅበት ስሜት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ጕልበቱ በታመመ ጊዜ ጕልበቱን ብቻ ያሻል፣ ጕልበቱን ብቻ ያስራል፣ ጕልበቱን ብቻ ያሳርፋል፤ ሕመሙ ግን ተመላልሶ ይመጣበታል። ዛሬ ከተማሪዎችና ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጋር ልንነጋገርበት የወደድነው ጕዳይ ይኸው ነው።

ጕዳዩን ለማንሣት ምክንያት የሆነን ከምናውቃቸው ወጣቶች በአንዱ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ይህ ወጣት ዕድሜው ገና 30 ያልሞላ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ ትጉህ ሠራተኛ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከወንበሩ ሳይነሣ ይውልና እሑድ ማለዳ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ኳስ ይጫወታል። አንድ ቀን ደረጃ ሲወርድ ከጕልበቱ ፊት ለፊት አንዳች ነገር ወጋው። እየቈየም በስብሰባ ላይ እግሩን አጥፎ ብዙ ከተቀመጠ በኋላ ሲነሣ ያመው ጀመር። መጀመሪያ በፋሻ አሰረው፤ ቀጥሎ አሳሸው፤ ቀጥሎ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ዋጠ፤ በመጨረሻም ሁለት ወር ሙሉ ኳሱን ትቶ ዐረፈ። ሕመሙ ጠፋ። ወደ ሜዳ በተመለሰባት በመጀመሪያዋ እሑድ ግን እንደ ገና መጣ። ወጣቱም «እንግዲህ አረጀሁ» ብሎ ተስፋ ቈረጠ።

ዕድሜው 30 ያልሞላ ሰው አረጀሁ ሲል መስማት ያሳዝናል። ደግነቱ ወዳጆቹ ገፋፍተው ወደ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ላኩት። ባለሙያዋም ጕልበቱን ከመንካታቸው በፊት ከመስተዋት ፊት አቁመው «በታመመው እግርህ ብቻ ቁምና ጕልበትህን ጥቂት ዕጠፍ» አሉት። ቢያደርገው ጕልበቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ አውራ ጣቱ አቅጣጫ ተወላገደ፤ በሌላው ወገን ያለው ዳሌውም ዝቅ አለ።

«የታመመው ጕልበትህ ነው፤ የሰነፈው ግን ዳሌህ ነው» አሉት።

«ዳሌዬን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም እኮ፣ ዶክተር!»

«ሰነፍ ሠራተኛ መቼ ይደክመዋል? የሚደክመውማ የእርሱን ሥራ ደርቦ የሚሠራው ጎረቤቱ ነው።»

በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሚውል አንባቢ የዚህን አነጋገር እውነትነት ለመረዳት ሐተታ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

በር በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ሲጢጥ እያለ ቢያስቸግር የቤቱ ጌታ ማጠፊያውን ዘይት ይቀባዋል። ለጥቂት ቀን ዝም ይላል፤ ከዚያም እንደ ገና ይጮኻል። በመጨረሻ አናጢ ሲጠራ መቃኑ መዝመሙን ያገኘዋል። ማጠፊያው የጮኸው ጥፋቱ የእርሱ ስለ ሆነ ሳይሆን የዘመመው መቃን ሸክም ሁሉ በእርሱ ላይ ስለ ወደቀ ነው። የብዙ ወጣቶች ጕልበትም እንዲሁ ነው።

ነገሩን ጠጋ ብለን እንየው። ጕልበት በሁለት ረጃጅም ዐጥንቶች፣ በጭን ዐጥንትና በቅልጥም ዐጥንት መካከል ያለ ማጠፊያ ነው። ከፊቱ የጕልበት ሎሚ የምንላት ትንሽ ዐጥንት አለች፤ እርሷም እግር በታጠፈና በተዘረጋ ቍጥር በጭን ዐጥንት ጫፍ ላይ በተበጀላት ቦይ ውስጥ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የጕልበት ዋና ሥራው መታጠፍና መዘርጋት ነው፤ ወደ ጎን መወላገድ ብዙም አልተፈቀደለትም። ዳሌ ግን እንደ ኳስ የከበበ ዐጥንት በጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠበት መገጣጠሚያ ስለ ሆነ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። እንግዲህ የጭን ዐጥንት ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ዳሌ ነው ማለት ነው። ዳሌ ጭንን ወደ ውስጥ ከለቀቀው ጕልበት ተከትሎ ይወላገዳል፤ ሎሚዋ በቦይዋ አንድ ወገን ላይ ትጫናለች፤ ጕልበትን ከውስጥ የያዙት ጅማቶችም ይወጠራሉ።

ይህን የዳሌን ሥራ የሚሠሩት በመቀመጫና በዳሌ ጎን ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። አንባቢ ሊፈትነው ቢወድ ብድግ ይበልና መዳፉን ከቀበቶው ዝቅ አድርጎ በዳሌው ጎን ላይ ያሳርፍ፤ ከዚያም በዚያው ወገን ባለው እግሩ ብቻ ይቁም። ከመዳፉ ሥር ጠንከር ሲል የሚሰማው ጡንቻ የምንነጋገርበት ጡንቻ ነው። ፍሬድሪክ ትሬንደለንቡርግ የተባለው ጀርመናዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 እንዳስረዳው፣ ይህ ጡንቻ የደከመበት ሰው በዚያ እግሩ ብቻ ሲቆም የሌላው ወገን ዳሌው ዝቅ ይላል። ምልክቱ እስከ ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ በስሙ ይጠራል።

«በአንድ እግር መቆም የሽመላ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መራመድ ማለት በአንድ እግር መቆምን እያፈራረቁ መደጋገም ነው። በቀን 5,000 እርምጃ የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ እግሩ 2,500 ጊዜ ብቻውን ቆሟል። ሸክሙም ቀላል አይደለም። በበርሊን ከተማ ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ጕልበት በሚተከልላቸው 5 ሰዎች ጕልበት ውስጥ መለኪያ መሣሪያ አኑረው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በሜዳ ላይ ሲራመዱ በጕልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል፣ ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ከፎቅ ሲወርድ በእያንዳንዱ እርምጃ ጕልበቱ ሁለት ኩንታል ያህል ይሸከማል። ሁለት ኩንታል በተቃና ምሰሶ ላይ ሲያርፍና በዘመመ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ሚዛን ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ለመቆም በሦስት መልእክተኞች ይጠቀማል። አንደኛው ዐይን ነው፤ ሁለተኛው በጆሮ ውስጠኛ ክፍል ያለው የሚዛን ጠባቂ ነው፤ ሦስተኛው በጡንቻና በጅማት፣ በመገጣጠሚያና በውስጥ እግር ተበትነው እግራችን የት እንዳለና እንዴት እንደ ታጠፈ የሚነግሩን የስሜት ሕዋሳት ናቸው። በጨለማ ደረጃ ስንወርድ እግራችንን ሳናይ የምናሳርፈው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ነው። ጕልበት ወይም ቍርጭምጭሚት አንድ ጊዜ ከተጐዳ እነዚህ መልእክተኞችም ይዘገያሉ። መልእክቱ ሲዘገይ ጡንቻው ይዘገያል፤ ጡንቻው በዘገየባት በዚያች ቅጽበት ጕልበት ይዞራል። አንድ ጊዜ የተጐዳ ጕልበት ዳግመኛ ለመጐዳት የሚቀርበው ከብዙው በጥቂቱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሚዛንን ማለማመድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በየሰፈሩ መሬት ላይ ካሬ ካሬ ሥለው ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱት ሕፃናት በአንድ እግራቸው እየዘለሉ፣ መስመር ሳይረግጡ፣ ጐንበስ ብለው ጠጠራቸውን ሲያነሡ አይተናል፤ እኛም ተጫውተናል። ያ ጨዋታ ዛሬ በታላላቅ የስፖርት ማሠልጠኛዎች በገንዘብ የሚሰጥ ልምምድ ነው። የሚያሳዝነው፣ ትምህርት ቤት ገብተን ክፍል በጨመርን ቍጥር ጨዋታውን መተዋችን፣ ሥራ ስንይዝ ደግሞ መቀመጥን ከማዕረግ መቍጠራችን ነው።

የዚህ ልምምድ ጥቅም በተግባር የተፈተነ ነው። በኖርዌይ አገር የእጅ ኳስ እጅግ የተወደደ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቾች ሲዘሉና በድንገት ሲዞሩ በጕልበት መካከል ያለው ፊተኛው ጅማት ይበጠስባቸዋል። በተመሳሳይ ጨዋታ ሲነጻጸሩም ይህ ጕዳት በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 በነበሩት ሦስት የውድድር ወቅቶች የሴቶችን ቡድኖች ተከታተሉ። በመጀመሪያው ወቅት ያለ ምንም ልምምድ ቍጥሩን ብቻ መዘገቡ፤ 29 ተጫዋቾች ጅማታቸው ተበጠሰ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወቅት በመሬት ላይ፣ በለስላሳ ምንጣፍና በሚወዛወዝ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ የሚዛን ልምምድ፣ ጕልበትንም ከእግር ጣት ጋር አቅንቶ ማረፍን አስተማሩ። ቍጥሩ ወደ 23፣ ቀጥሎም ወደ 17 ወረደ። ውጤቱ ጎልቶ የታየውም በከፍተኛው ምድብ ልምምዱን እንደ ታዘዘው በፈጸሙት ዘንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በዚያው አገር 125 የእግር ኳስ ክበቦች ውስጥ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 በሆነ 1,892 ልጃገረዶች ላይ የተደረገው ጥናት ታተመ። ከክበቦቹ ገሚሶቹ ከጨዋታና ከልምምድ በፊት 20 ደቂቃ በሚፈጅ ማሟሟቂያ ይጀምሩ ነበር፤ ይኸውም ቀስ ያለ ሩጫ፣ የጭንና የወገብ ማጠንከሪያ፣ በአንድ እግር መቆምና በትክክል ዘሎ ማረፍ ነው። በእነርሱ ዘንድ የጕዳቱ ቍጥር በጠቅላላው በሲሶ ያህል፣ ከባድ ጕዳት ደግሞ በግማሽ ያህል አነሰ። ለዚህ ያስፈለገው መሣሪያ ኳስ ብቻ ነበር።

ጅማቱ ላልተበጠሰ፣ እንደ ወዳጃችን ከሎሚው ዙሪያ ብቻ ለሚያመውም ምክሩ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ፣ በጎልድ ኮስት ከተማ የተሰበሰቡ የዚህ ሕመም ተመራማሪዎች በማግሥቱ ዓመት ባወጡት የጋራ ቃል፣ የጕልበትን ልምምድ ብቻ ከመሥራት የዳሌንና የጕልበትን ልምምድ አጣምሮ መሥራት ይሻላል ብለዋል። እዚህ ላይ ግን ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። የዳሌ ድካም ሕመሙን ያመጣዋል ወይስ ሕመሙ ዳሌን ያደክማል የሚለው ክርክር አልተቋጨም። ሁለቱም እርስ በርሳቸው ሊመጋገቡ ይችላሉ። ቢሆንም ዳሌን ማጠንከሩ ሕመሙን እንደሚያስታግስ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ተቀምጦ የሚጠብቅ ብልህ አይደለም። የፊተኛውንም የጭን ጡንቻ ችላ ማለት አይገባም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ጕልበትን የሚጠብቀው የጡንቻዎች ኅብረት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸውን በቤት ውስጥ፣ በምንጣፍ ላይ፣ ያለ አንዳች ወጪ ማንም ሊሠራቸው ይችላል።

አንደኛ፣ በጀርባ ተንጋሎ ጕልበትን አጥፎ ውስጥ እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ፤ ከዚያም መቀመጫን ጨብጦ ዳሌን ከመሬት ማንሣት። ትከሻ፣ ዳሌና ጕልበት በአንድ መስመር ሲሆኑ እስከ 5 ቈጥሮ በቀስታ ማውረድ ነው። ወገብ ቢቈለመም ሥራው ከመቀመጫ ወደ ወገብ ይሸሻልና መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በጎን ተኝቶ ሁለቱን ጕልበቶች አጥፎ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ፤ ተረከዞች ሳይለያዩ የላይኛውን ጕልበት እንደ መጽሐፍ ሽፋን መክፈትና መዝጋት። ዳሌ ወደ ኋላ ከተንከባለለ ማታለል ነው።

ሦስተኛ፣ እንደዚያው በጎን ተኝቶ የታችኛውን እግር አጥፎ የላይኛውን ቀጥ አድርጎ ጥቂት ወደ ኋላ በማለት ወደ ላይ ማንሣት። ጣቶች ወደ ፊት እንጂ ወደ ጣሪያ አይመልከቱ።

አራተኛ፣ ከወንበር ፊት ቆሞ መቀመጫን ወደ ኋላ እየላኩ በቀስታ መውረድ፣ ወንበሩን ነካ እንዳደረጉም ሳይደላደሉ መነሣት። ጕልበት ከሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ እንዳይወጣ ዐይን ይጠብቀው። ለሚያመው ሰው ከፍ ያለ ወንበር ይሻለዋል።

አምስተኛ፣ በደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር ቆሞ መደገፊያውን ያዝ በማድረግ የሌላውን እግር ተረከዝ ወደ ታችኛው ደረጃ በቀስታ ማውረድና መመለስ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ስለ ሆነ የፊተኞቹ ከለመዱ በኋላ ይጀመር።

ስድስተኛ፣ ሚዛን። ከግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም። ይህ ሲቀልል ራስን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞሩ መቆም፤ ቀጥሎ ዐይንን ጨፍኖ፤ ቀጥሎም በታጠፈ ጋቢ ላይ ወጥቶ መቆም ነው። ጥርስ በሚቦርሹበት ጊዜ ሊሠራ ስለሚችል ጊዜ የለኝም የሚለውን ምክንያት ይህ ልምምድ አይቀበለውም።

ከመጀመሪያዎቹ አምስቱ እያንዳንዱን ከ10 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቀን እየዘለሉ መሥራት ይበቃል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ከበድ ካላሉ ጡንቻው አልሠራምና ሥራው ይጨመርበት። ሚዛኑ ግን በየቀኑ ቢሠራ አይጐዳም። ጥቂት ሕመም ቢሰማ ማቋረጥ ግድ አይደለም፤ ሕመሙ በማግሥቱ ብሶ ከተገኘ ግን መጠኑን መቀነስ ይገባል። ጡንቻ በሳምንት አይገነባም፤ ስድስት ሳምንት ያህል ሲሠሩ ለውጡ ይታወቃል፣ ሦስት ወር ሲጸኑ ይደላደላል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ነው።

ሁሉ ነገር ግን በልምምድ አይድንም። ጕልበቱ ዞሮበት ቀው የሚል ድምፅ የሰማና ወዲያው ያበጠበት፣ ጕልበቱ ተቈልፎ አልዘረጋ ያለው፣ ሲራመድ ድንገት የሚከዳው፣ መርገጥ ያቃተው፣ ወይም ጕልበቱ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እንዲህ ያለውን ጕልበት አጥብቆ ማሸት ጕዳትን መጨመር ነው። ጕልበቴን አመመኝ እያለ የሚያነክስ ልጅ ደግሞ ዳሌውም መመርመር አለበት፤ የዳሌ በሽታ በጕልበት ላይ ሕመም ሆኖ ሊሰማ ይችላልና።

አሁን ወደ ሚቀርቡልን ምክንያቶች እንመለስ። አንዳንዱ «ይህ የስፖርተኛ ነገር ነው፤ እኔ የቢሮ ሰው ነኝ» ይላል። እኛ ግን ከስፖርተኛው ይልቅ የሚያስፈልገው ለቢሮው ሰው ነው እንላለን። ስፖርተኛው ሳምንቱን ሙሉ ሲዘጋጅ ይሰነብታል። የቢሮው ሰው ግን አምስት ቀን ተቀምጦ ሰንብቶ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ሳያሟሙቅ ሜዳ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለተጀመረው ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ካናቴራውን ገዝቶ፣ አንድ ቀን ሳይለማመድ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ሰኞ ደረጃውን በጎኑ የሚወርድ ባልንጀራ በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። እንስቃለን እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አይደለም።

ሌላው «አያቶቻችን ይህን ሁሉ ሳያውቁ ኖረዋል» ይላል። እውነት ነው፤ አያቶቻችን ዳገት ይወጡ ነበር፣ ቍጢጥ ብለው ይሠሩ ነበር፣ ውሃ ይቀዱ ነበር፤ ዳሌያቸው ሳይሠራ የሚውልበት ቀን አልነበረም። ያም ሆኖ ከባድ ሸክም ጕልበታቸውን የጨረሰባቸው ብዙ ናቸው። እኛ ሸክሙ ቀርቶልናል፤ ነገር ግን ከሸክሙ ጋር እንቅስቃሴውንም ጣልነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀንም ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲደረግ መምከሩ የተቀማጭ ኑሮ ያመጣውን ጕድለት ለመሙላት ነው።

ሦስተኛው «ገና ወጣት ነኝ፤ ሲያረጅ ይታሰብበታል» ይላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። በወጣትነታቸው የጕልበት ጅማት ከተበጠሰባቸው ወይም በጕልበት ውስጥ ያለው ልም ዐጥንት ከተቀደደባቸው ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የመገጣጠሚያ ብግነት እንደሚያገኛቸው የታወቀ ነው። በ20 ዓመቱ ኳስ ሜዳ ላይ የተጐዳ ተማሪ በ40 ዓመቱ፣ ልጆቹን በሚያሳድግበትና ሥራው በሚያፈራበት ጊዜ፣ የሽማግሌ ጕልበት ይዞ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ጅማት በቀዶ ጥገና ይጠገናል፤ ወጪውን ግን ሁሉ ሰው አይችለውም፣ ተራውም አይቀርብም፤ የተጠገነውም እንደ ፊተኛው አይሆንም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አሁን ነው።

ስለዚህ አሳባችንን በግልጽ እናቀርባለን። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሰውነት ማጐልመሻ መምህራን ክፍለ ጊዜውን ኳስ ወርውረው ከመተው ይልቅ 20ውን ደቂቃ ለዳሌ፣ ለሚዛንና በትክክል ዘሎ ለማረፍ ቢያውሉት፣ በተለይም የልጃገረዶችን ቡድን ከዚህ ባይለዩት፣ ብዙ ጕልበት ያድናሉ። ርእሳነ መምህራንም ይህን ክፍለ ጊዜ ፈተና በደረሰ ቍጥር ለሌላ ትምህርት መንጠቃቸውን ቢተዉ መልካም ነው። የሰፈር ቡድን አሠልጣኞች «ሰዓት መሸ» ብለው ማሟሟቂያውን አይዝለሉ። አለቆችም ሠራተኛ ከሁለት ሰዓት ስብሰባ መካከል ለሁለት ደቂቃ ብድግ ቢል ሥራ እንደ ፈታ አይቍጠሩበት።

ከላይ የጠቀስነው ወጣት ልምምዱን ሦስት ወር ሠራ። ፋሻውን ጥሎ ደረጃውን በደኅና ይወጣል፣ ይወርዳል። እሑድ እሑድ ወደ ሜዳው ተመልሷል፤ ነገር ግን ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ በአንድ እግሩ ቆሞ ስለሚጠብቃቸው ጓደኞቹ «ሽመላው» የሚል ስም አውጥተውለታል። መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። ባለፈው እሑድ ብንሄድ ግን ከሜዳው ዳር አምስት ሽመላዎች ተሰልፈው አየን።

ጕልበት ከኀይል ጋር ስም መጋራቱን አንነቅፍም። ነገር ግን ስሙን ያገኘው ሸክሙን ብቻውን ስለ ተሸከመ አይደለም። ዳሌ ሲያግዘው፣ ጭን ሲደግፈው፣ ሚዛን ሲመራው ነው ጕልበት ጕልበት የሚሆነው። አንባቢያችንም ይህን ጋዜጣ ሲያጥፍ ከወንበሩ ብድግ ይበልና በአንድ እግሩ ቆሞ እስከ 30 ይቍጠር። ከተንገዳገደ አይፈር፤ ሥራውን ከወዴት እንደሚጀምር ዐውቋልና።